ታስሮ የወጣን ሀከር በዚያው በሙያው ልቅጠረው?

የገርጂዋ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ሦስት ቀን ሙሉ ሳወጣ ሳወርድ ቆይቼ ነው የምጽፈው።

ገርጂ አካባቢ ትንሽ የሶፍትዌር ድርጅት አለኝ። ከእኔ ጋር ስምንት ነን። ለፋርማሲዎች፣ ለሚኒማርኬቶችና ለሁለት ሆቴሎች የሽያጭና የስቶክ ፕሮግራም እንሠራለን። ትልቅ ነገር አይደለም። ግን የሰው ገቢና ወጪ፣ የሰው ዱቤ እኛ እጅ ነው ያለው።

ባለፈው ሳምንት አንድ ልጅ ሥራ ሊጠይቀኝ መጣ። የሰፈራችን ልጅ ነው። እናቱና እናቴ አንድ የጽዋ ማኅበር ናቸው። ዕድሜው 26 ነው። ድሮ ይሠራበት የነበረው ድርጅት እሱ ከለቀቀ በኋላ ፓስወርዱን ሳይቀይር ቆየ። ልጁ በዚያ ገብቶ የሞባይል ካርድ ቁጥሮች እያወጣ በርካሽ ሸጠ። አራት ወር እንዲህ አደረገ። ተያዘ፣ ተፈረደበት፣ ታሰረ። አሁን በአመክሮ ወጥቷል። ይሄን ሁሉ የነገረኝ ራሱ ነው፤ ገና ሲቪውን ሳያወጣ።

እውነቱን ልናገርና ፈተና የሰጠሁት ለእናቱ ስል ነው። ፊት ለፊት እምቢ ከምለው በፈተና ቢወድቅ ይሻላል ብዬ። የመለማመጃ ሰርቨራችንን ከፈትኩለት። የውሸት ዳታ ብቻ ነው ያለበት። «ቀዳዳ ካገኘህ ጽፈህ ስጠኝ» አልኩት።

ሁለት ሰዓት አልፈጀበትም። በአንድ ፋርማሲ ስም ገባና ደረሰኝ ከፈተ። ከላይ የገጹ አድራሻ ላይ የደረሰኙ ቁጥር ይታያል። ቁጥሩን በአንድ ጨመረው። የሌላ ፋርማሲ ደረሰኝ መጣለት። አሁንም ጨመረ፣ ሌላ መጣ። የእኛ ፕሮግራም ሰውየው መግባቱን እንጂ ደረሰኙ የእሱ መሆኑን አያጣራም ነበር። ያው ኮድ ደግሞ እውነተኛው ሰርቨር ላይ ዓመት ከመንፈቅ ሠርቷል። አንድ ፋርማሲ የጎረቤቱን ሽያጭ ቁጭ ብሎ ሊያነብ ይችል ነበር ማለት ነው። ያን ሌሊት አልተኛንም። አስተካክለን ስንጨርስ ነግቷል።

ስለዚህ ልጁ እንደሚጠቅመኝ አውቄያለሁ። ያልገባኝ ይገባዋል ወይ የሚለው ነው። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አብሮኝ የሠራ ፕሮግራመር አለ። እህቱን ከዓመት በፊት «ከባንክ ነው የምንደውለው» ብለው በስልኳ የመጣላትን ኮድ አስነገሯትና ያጠራቀመችውን ወሰዱባት። ለሠርጓ ያስቀመጠችው ነበር። ስለ ልጁ ስነግረው ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እሱ ከገባ እኔ እወጣለሁ» አለኝ። ቢቆጣ ይቀለኝ ነበር።

ሰው የሰረቀበትን እውቀት ይዞ ከእስር ወጥቶ፣ በዚያው እውቀት ደመወዝ ቢበላ ልክ ነው? እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ?

ቀበና፦

እህቴ፣ እኔ ልክ አይደለም ባይ ነኝ።

እናቴ 43 ሺህ ብር ተወስዶባታል። ያው በስልክ ነው። ጡረታዋንና እኛ ልጆቿ ለበዓል የሰጠናትን ሳታወጣ ነበር ያጠራቀመችው። ገንዘቡ ይቅር። ዛሬ ስልኳ ሲጮኽ እጇ ይንቀጠቀጣል። የማታውቀው ቁጥር ከሆነ ስልኩን ትራስ ስር ትከተዋለች። ከአሜሪካ አጎቴ ሲደውልላት ራሱ አታነሳም።

ይሄን ያደረገው ሰው ነገ ታስሮ ቢወጣና ከረባት አስሮ «እንዲህ እንዲህ ነበር የማታልለው» እያለ ሲያሰለጥን ባየው ምን የሚሰማኝ ይመስልሻል? ጎበዝ ተብሎ ይጨበጨብለታል። እናቴን ግን ማንም አይጠራትም።

ይራብ አላልኩም። ሰው ነው፣ ይሥራ። ሹፌር ይሁን፣ ካፌ ይክፈት፣ ኮምፒውተር ይጠግን። እናቴን የጎዳበትን ነገር ግን እንደ ዲግሪ ይዞት አይምጣ። ፕሮግራመርሽ ያለሽን እኔም ብሆን እለው ነበር።

የሌሊት ፈረቃ፦

እህቴ የገርጂዋ፣ እኔ የምኖረው ቨርጂንያ፣ አሌክሳንድሪያ ነው። አንድ የመረጃ ደኅንነት ክፍል ውስጥ ሌሊት እሠራለሁ። ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ከዚያ በፊት ፓርኪንግ ነበርኩ። ማን በየት በኩል ሊገባ እንደሚሞክር ሲጠብቅ የሚያድር ሰው ነኝና የቀበናዋ እህታችን የጻፈችውን እንደ ቀላል አላልፈውም። ሁለት ጊዜ ነው ያነበብኩት። ያም ሆኖ ቅጠሪው ነው የምልሽ። ለምን እንደሆነ በአንድ ሰው ታሪክ ላስረዳሽ። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

አሜሪካዊውን ሀከር ኬቪን ሚትኒክን በእኛ ሙያ የማያውቀው የለም። በ1980ዎቹ መጨረሻ የዲጂታል ኢኩዊፕመንት ኩባንያን ሶፍትዌር ሰርቆ በመቅዳት ተፈረደበት። አንድ ዓመት እስርና ከዚያ በኋላ የሦስት ዓመት ክትትል። ክትትሉ ሊያልቅ ሲል የስልክ ኩባንያ ውስጥ ሰርጎ ገባ። የመያዣ ትእዛዝ ሲወጣበት ጠፋ። ሁለት ዓመት ተኩል ያህል በሰው ስም እየኖረ፣ የትልልቅ ኩባንያዎችን ኮድ እየቀዳ ቆየ። የካቲት 1995 ላይ ኖርዝ ካሮላይና ውስጥ ራሌ በምትባል ከተማ ያዙት። ልብ በይ፣ አንድ ቀን ተሳስቶ የተያዘ ልጅ አይደለም። ተፈርዶበት፣ ወጥቶ፣ ደግሞ የገባበት ሰው ነው። ከአንቺ ልጅ የባሰ ማለት ነው።

አምስት ዓመት ገደማ ታሰረ። ጥር 2000 ሲወጣ ሦስት ዓመት ያለ ፈቃድ ኮምፒውተርም ሞባይልም እንዳይነካ ታገደ። እንግዲህ ኩባንያዎቹ ደረሰብን ያሉት ኪሳራ በመቶ ሚሊዮን ዶላሮች የሚቆጠር ነበር። ፍርድ ቤቱ ካሳ እንዲከፍል ያዘዘው ስንት እንደሆነ ታውቂያለሽ? 4,125 ዶላር። ዳኛዋ ሰውየው ሊከፍል የሚችለውን ነው ያየችው። ከሚያውቀው አንድ ሙያ የታገደ ሰው ከየት አምጥቶ ይከፍላል?

እኔን ያሳመነኝ ይሄ ነው። ሰውየውን ከሙያው ስናግድ የቀጣን ይመስለናል። ተበዳዩም ግን አብሮ ባዶ እጁን ይቀራል። የቀበናዋ እህቴ፣ የእናትሽን 43 ሺህ ብር የወሰደው ሰው ተይዞ ቢሆን ኖሮ እኔ የምመኝልሽ በየወሩ ደህና ደመወዝ እያገኘ፣ ከላዩ ለእናትሽ እየተቆረጠ እንዲከፍል ነው። ካፌ ቤት ተቀጥሮ ቢሠራ ስንት ዓመት ይፈጅበታል?

አንቺ ያልሽው ሌላው ነገር ግን ልክ ነው። ከረባት አስሮ ማውራቱ። አሜሪካኖቹም ይሄን ለይተውታል። ሚትኒክ ጥፋተኛ ነኝ ብሎ ሲፈርም፣ የወንጀሉን ታሪክ በመጽሐፍም በፊልምም ሸጦ ለሰባት ዓመት ገንዘብ እንዳያገኝ ተስማምቷል። የሕይወት ታሪኩን አሳትሞ ያወጣው በ2011 ነው። የጉልበቱና የእውቀቱ ዋጋ ሌላ፣ በሰው ላይ ያደረሰው በደል እንደ ተረት ሲሸጥ ሌላ። ሁለተኛው እኔንም ያመኛል። ተበዳዩ ሳይካስ ታሪኩ ለሽያጭ መቅረብ የለበትም።

ከወጣ ሁለት ወር ሳይሞላው የአሜሪካ ሴኔት ኮሚቴ ጠርቶ አነጋግሮታል። መጋቢት 2000 መሆኑ ነው። የነገራቸው ከኮምፒውተሩ ይልቅ ስለ ሰው ነበር። ስልክ ደውሎ፣ የመሥሪያ ቤቱን ቋንቋ እየተናገረ፣ ሠራተኛው በራሱ አንደበት ፓስወርዱን እንዲነግረው ያደርግ እንደነበር አስረዳ። ያው «ከባንክ ነው የምንደውለው» ነው። እገዳው ሲያልቅ የራሱን ድርጅት ከፈተ። ኩባንያዎች ገንዘብ እየከፈሉ «ና ግባብን፣ የገባህበትንም አሳየን» ይሉት ነበር። ተራ ሠራተኞች እንዳይታለሉ የሚያሰለጥን ኩባንያ ውስጥም ሠራ። በ2023 በቆሽት ካንሰር ሲሞት 59 ዓመቱ ነበር። ከ2000 በኋላ ሃያ ሦስት ዓመት ኖረ፣ ተመልሶ አልታሰረም።

አሁን ደግሞ የሚያስፈራሽን ልንገርሽ፤ ካልነገርኩሽ አንድ ጎኑን ብቻ ነው የምታይው። አልበርት ጎንዛሌዝ የሚባል ልጅ በ2003 በሰው የባንክ ካርድ ገንዘብ ሲያወጣ ኒው ዮርክ ተያዘ። የገንዘብ ማጭበርበርንም የሚመረምረው የአሜሪካው ሲክሬት ሰርቪስ እውቀቱን አየና ከመታሰር ይልቅ እኛን ይርዳን አለ። በዓመት 75 ሺህ ዶላር ይከፍሉት ነበር። ሌሎች ሌቦችንም አስያዘላቸው። በጎን ግን እሱ ራሱ የትልልቅ መደብሮችን ሲስተም እየሰበረ የካርድ ቁጥር ይዘርፍ ነበር። በአስር ሚሊዮኖች የሚቆጠር ካርድ። ሲያዝ ማያሚ ከወላጆቹ ቤት ጓሮ ተቀብሮ 1.1 ሚሊዮን ዶላር ወጣ። በ2010 ሃያ ዓመት ተፈረደበት።

ልዩነቱ ምንድነው ብዬ ብዙ ሌሊት አስቤበታለሁ። ጎንዛሌዝ ቅጣቱን አልጨረሰም፤ ከነአካቴው ዘለለው። ማንንም አልካሰም። ሥራውም በምስጢር ነበር። ያንቺ ልጅ ግን ሲቪውን ሳያወጣ ታሪኩን ነግሮሻል። ያ ለእኔ ከፈተናው ውጤት ይበልጣል።

አንድ የሚያንገበግበኝን ነገር ልጨምር። ኢንተርኔት ላይ ከተለቀቁት «ትሎች»፣ ማለትም ራሳቸውን እያባዙ ከኮምፒውተር ኮምፒውተር ከሚዛመቱ ፕሮግራሞች፣ ገናናውን የለቀቀው ሮበርት ሞሪስ ነው፤ ኅዳር 1988። የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር። አባቱ የታወቁ የመንግሥት የኮምፒውተር ደኅንነት ባለሙያ ነበሩ። ጥፋተኛ ተባለ፤ አልታሰረም ግን። የሦስት ዓመት ገደብ፣ 400 ሰዓት የማኅበረሰብ ሥራና 10,050 ዶላር ቅጣት። በኋላ ከጓደኞቹ ጋር ያቋቋመውን ድርጅት የኢንተርኔት ኩባንያው ያሁ በ1998 ገዛቸው። እሱም ኤምአይቲ የሚባለው ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ሆነ። ጥሩ ሰው፣ ትልቅ ምሁር ነው ይላሉ፤ ሆኖም ያው ነው፣ ማንም «እንጀራ ጋግር» አላለውም። ይቅርታ ለባለ ዲግሪና ለታወቀ ቤተሰብ ልጅ ቶሎ ይደርሳል። ለጽዋ ማኅበርተኛ ልጅም ይድረስ።

ከቀጠርሽው እንዲህ አድርጊ። ብቻውን አይሥራ። እውነተኛው ዳታ ያለበት ሰርቨር ላይ መግቢያ አትስጪው። የሚፈትሸውን ነገር፣ ከስንት ቀን እስከ ስንት ቀን እንደሆነ፣ በወረቀት ጽፈሽ ሁለታችሁም ፈርሙ። ኮምፒውተሩ ላይ የሚያደርገው ሁሉ ይመዝገብ። ደግሞ ኑሮውን ጠይቂው። ምን በልቶ እንደሚያድር፣ ማን እንደሚጫነው። እኔ ባየሁት ሰው ወደ ጥፋት የሚመለሰው ሲቸግረውና ብቻውን ሲሆን ነው።

ጣና ዳር፦

ባሕር ዳር ነው ያለሁት። ኮምፒውተር ሳይንስ ከተመረቅኩ ሁለት ዓመት አለፈኝ።

ሁላችሁም ስለ ወንጀለኛው ነው የምትጨነቁት። እኔስ? እኔም ያንን የደረሰኝ ቁጥር መጨመር አውቃለሁ። በራሴ ላፕቶፕ፣ በመለማመጃ ሳይቶች ነው የተማርኩት። ማታ ማታ የጥቅል ዋጋ ሲቀንስ። የሰው ቤት ገብቼ አላውቅም። አንድ ጊዜ የአንድ ተቋም ገጽ ላይ የተመዝጋቢዎች ስልክ ቁጥር ለማንም ክፍት ሆኖ በአጋጣሚ አየሁ። አንድም ቁጥር አልወሰድኩም። በኢሜይል አሳወቅኳቸው። ደውለው «ማን ፈቀደልህ? እንከስሃለን» አሉኝ። ሁለት ሳምንት እንቅልፍ አጣሁ።

ሲቪ የማስገባበት ቦታ ሁሉ የሥራ ልምድ ይጠይቀኛል። የዚያ ልጅ የሥራ ልምድ ስርቆቱ ነው። እሱ ሰርቆ ልምድ አገኘ፣ እኔ ሳልሰርቅ ቤቴ ተቀመጥኩ። ይሄ ነው የሚያመኝ።

አሜሪካ በፈረንጆቹ 2016 መከላከያ ሚኒስቴሩ ፔንታጎን ራሱ «ኑ ፈልጉብን» ብሎ ነበር። ከ1,400 በላይ ሰው ተመዘገበ፣ 138 ትክክለኛ ቀዳዳ ተገኘ፣ ላገኙት ተከፈላቸው። የመጀመሪያው ጥቆማ በ13 ደቂቃ ውስጥ ነው የገባው። እንዲህ ያለ በር ቢኖረን እኔም ልምድ አገኝ ነበር፤ ያ ልጅም ምናልባት ከመጀመሪያው አይሰርቅም ነበር። የሌሊት ፈረቃ ጋሼ፣ የጻፉትን ወድጄዋለሁ። ግን ይቅርታው ለእሱ ሲደርስ ሥራው ለእኔም ይድረስ።

ከልደታ፦

ጠበቃ ነኝ። ስለ ሕጉ ትንሽ ልበል።

እኛ አገር የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አለ። ያለ ፈቃድ መግባት በራሱ ወንጀል ነው፤ ምንም ባይወሰድም። ስለዚህ የባሕር ዳሩ ወንድሜ፣ ሐሳብህ ቅን ቢሆንም ሳይፈቀድልህ የሰው ሲስተም አትፈትሽ። የሌሊት ፈረቃ ያሉት የተፈረመ ወረቀት ለዚህ ነው የሚያስፈልገው። እህቴ፣ ወረቀቱ ላይ የድርጅትሽ ማኅተም ይኑርበት። የደንበኞችሽን ሲስተም የሚነካ ከሆነ ደግሞ የእነሱም ፈቃድ ያስፈልጋል። የአንቺ ብቻ አይበቃም።

አመክሮ ላይ መሆኑን አትርሺ። ጊዜው ሳያልቅ ሌላ ጥፋት ቢያጠፋ የቀረውን እስር ተመልሶ ሊጨርስ ይችላል። ያ ለአንቺም ዋስትና ነው።

ሌላው፣ የወንጀል ሕጋችን «መሰየም» የሚለው ነገር አለው። ብዙ ሰው አያውቀውም። የተፈረደበት ሰው ቅጣቱን ጨርሶ፣ ሕጉ ያስቀመጠው ጊዜ ካለፈና መልካም ጠባይ ካሳየ፣ ፍርዱ እንዲሰረዝለት ፍርድ ቤት ይጠይቃል። ከሚታዩት ነገሮች አንዱ የሚችለውን ያህል ካሳውን መክፈሉ ነው። ለልጁ ንገሪው። አሻራ ሰጥቶ ከወንጀል ነጻ ማስረጃ አምጣ በተባለ ቁጥር ከየመሥሪያ ቤቱ በር የሚመለሱ ስንት ደንበኞች አሉኝ። ይሄ መንገድ እንዳለ ነግሯቸው የሚያውቅ ሰው የለም።

የገርጂዋ፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዛሬ ከልጁ ጋር ሁለት ሰዓት ተቀምጬ ነው የመጣሁት።

ካሳውን ጠየቅኩት። ፍርድ ቤት ካዘዘበት ገና 118 ሺህ ብር ይቀረዋል። እናቱ እንጀራ እየሸጡ በወር ሁለት ሺህ ይከፍሉለታል። አላውቅም ነበር። በየወሩ ማኅበር ላይ ከእናቴ ጋር ይገናኛሉ፤ አንድም ቀን አንስተውት አያውቁም። ለሦስት ወር ብቀጥርህ ከደመወዝህ አንድ ሦስተኛውን በቀጥታ ለካሳው አስተላልፋለሁ አልኩት። «ግማሹን አድርጊው» አለኝ። ስለ እስር ቤት ግን ብዙ አላወራኝም፤ እኔም አልጎረጎርኩትም።

ቀበና፣ ያንቺን ጽሑፍ ለልጁ አንብቤለታለሁ። ይቅርታ ሳልጠይቅሽ። ትራሱ ላይ ስደርስ «በቃ» አለኝ። ከዚያ ዝም ብሎ ቆየ። ሌላ ምንም አላለም። ደንበኞቼ ፊት ቀርቦ ስለ ራሱ እንዲያወራ አልፈልግም፤ እሱም አልጠየቀኝም። ለእናትሽ ሰላምታዬን አድርሺልኝ።

ጣና ዳር፣ ያው ፈተና አለ። ሰርቨሩ የእኔ ነው፤ የተፈረመና ማኅተም ያለበት ፈቃድ እልክልሃለሁ። ቀዳዳውን ስለደፈንነው አዲስ ነው የምትፈልገው። ካገኘህ በርቀት የምትሠራው ሥራ አለኝ። ስልክህን እዚህ አትጻፍ፣ በግል መልእክት ላክልኝ።

የቀረኝ ፕሮግራመሬ ነው። ነገ ምሳ አብረን እንበላለን። እህቱ ከፈለገች እሷም ትምጣ ብየዋለሁ። አሁንም እወጣለሁ ካለኝ ምን እንደምል አላውቅም። ስድስት ዓመት አብሮኝ ሠርቷል፤ ደመወዝ መክፈል ባቃተኝ ወር ሳይቀር። ልጁ ሰኞ ጠዋት ሁለት ተኩል ላይ ይመጣል ብለናል። መግቢያ ግን እስካሁን አልከፈትኩለትም። ከነገው ምሳ በፊት አልከፍትም።